ለፈረሱ የሚሆን መድኃኒት

ቢሾፍቱ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው ባለቤቴ እልፍነሽ ናት። ቃሉ የእኔ የኃይለ ጊዮርጊስ ነው። እሷ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ጋሪዬን አቁሜ አግዳሚ ላይ ከልጆች ጋር አልቀመጥም ብዬ ቀረሁ፤ አልቆጨኝም። እንግዲህ ፊደሉ ቢንጋደድ የእሷ ነው፤ ነገሩ ቢንጋደድ የእኔ።

ለወንድሜ ልጅ ለጽናት፤ ዮርዳኖስ አገር፣ አማን ከተማ፣ ረቢየህ ሰፈር።

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና ከወገብ ሕመም በቀር ደህና ነን። የምታገለግያቸውን ሰዎች ልብ ያራራልሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ እጅ፣ ከክፉ ምላስ ይሰውርሽ። በሄድሽበት እግር በሰላም ይመልስሽ። አሜን በይ።

በስልክ ለምን አያናግረኝም ብለሽ አዝነሻል አሉ። ጆሮዬ ከስልክ ጋር ተጣልቷል። አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፣ እኔ ብቻ አልሰማም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። እልፍነሽ ትጽፋለች፣ ስልክ ጠጋኙ ፀጋአብ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፤ የአንቺም በዚያው ይምጣ።

ነገሬ ስለ ቦራ ነው። ፈረሴን ቦራን ታውቂዋለሽ። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ልጓም ሳልነካው የሚወስደኝ፣ እኔ ባንቀላፋ እንኳ ተሳፋሪ የሚያወርድ ፈረስ ነበር። አሁን ጉድ ሆነ። ዋናውን መንገድ ቆፈሩት፤ ጋሪ በጀርባ በኩል በአዲሱ ሰፈር ይዙር ተባለ። ቦራ ጠፋው። አንዲት ጎመን የታቀፈች ሴትዮ ጭኜ አይተነው የማናውቀው ሰፈር መሃል ቀጥ አልን። "ኧረ አባባ፣ ወዴት እየወሰዱኝ ነው?" አለችኝ። አፈርኩ። ያሳፈረኝ ፈረሱ ነው። ሴትዮዋ ሄዳ ለባለጋሪዎች ማኅበር ከሰሰች። ሊቀመንበሩ፣ ትናንት አፍንጫውን ስጠርግለት የነበረ ልጅ፣ "ፈረስዎ ካረጀ ጋሪውን ያስረክቡ" አለኝ። ጋሪውን! ጋሪውን ካስረከብኩ እኔ ምን ልባል ነው?

ከዚያ ወዲህ ፈረሱ የለመደውንም መርሳት ጀምሯል። ውሃ ጠጥቶ እንደገና ውሃ ይላል። ጠዋት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። ኮፍያውን ራሱ ላይ ደፍቶ ኮፍያውን ይፈልጋል... እልፍነሽ አትሳቂ። ይሄን ሰርዢው።

አንቺ ዘንድ ያሉት ሽማግሌ የሚረሱ ናቸው፣ ለዚያም መድኃኒት ይውጣሉ አሉ። ለፈረስ የሚሆን ካለ ሐኪማቸውን ጠይቂልኝ። የሚዋጥ ይሁን። የሚወጋ አልፈልግም፤ ፈረሱ መርፌ ይፈራል።

ያልኩት ይሄው ነው። እልፍነሽ፣ እስቲ አንብቢልኝ።

*ጽናቴ፣ አድራሻ ልጻፍ ብዬው ነው ይህን የምጽፍልሽ፤ ማንበብ አይችል። ቦራ ምንም አልሆነም። ያን ቀን ወደ ቤት ያመጣው ፈረሱ ነው። ገብቶሻል። እልፍነሽ።*


ረቢየህ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና እንደ አባት ለማይዎት ለጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ፤

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እትዬ እልፍነሽስ እንዴት ናቸው? እኔ በእመቤቴ ጥበቃ ደህና ነኝ። ምርቃትዎን አሜን ብዬ ተቀብያለሁ፤ ወጥ ቤት ቆሜ ነው ያነበብኩት።

ያዘዙኝን ጠይቄያለሁ። የቤቱ ሽማግሌ ስማቸው መሕሙድ ነው፤ ሁላችንም ባባ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ማዳም ኸውላ ጁበይሃ ሰፈር ያለ ሐኪም ዘንድ ስትወስዳቸው እኔም ክንዳቸውን ይዤ ገባሁ። ሐኪሙ የሚሉት እንዲህ ነው። የሚዋጠው መድኃኒት መርሳቱን ቀስ ያደርገው ይሆናል እንጂ የሄደውን አይመልስም። አእምሮ ግን ያልለመደው ሥራ ይወዳል። ያንኑ ሲሠራ የሚኖር ጭንቅላት ሳይነቃ ነው የሚሠራው፤ አዲስ ነገር ሲገጥመው ይባንናል፣ ውስጥ ለውስጥ አዲስ መንገድ ይጠርጋል። አንዱ ሲዘጋበት በሌላው ይዞራል። አዲስ ቋንቋም ሆነ አዲስ የእጅ ሥራ፣ ቀምሰውት የማያውቁት ምግብም ቢሆን ይጠቅማል አሉ። ይፈውሳል አላሉም፤ ይጠቅማል ነው ያሉት።

ማዳም ይህን ሰምታ ስዌፍየህ የሚባል ገበያ ወረደችና የተቆራረጠ፣ የሚገጣጠም ሥዕል ገዝታ መጣች። ባባ "ሕፃን አደረግሽኝ?" ብለው በሰገነቱ ወረወሩት። ከጎረቤት ግቢ እየተንበረከኩ የለቀምኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ድስት ከእጄ አምልጦ "ወይኔ!" ብዬ ጮህኩ። ባባ በበሩ ብቅ ብለው፣ "ረቢየህ ነሽ፣ ልጄ። እኔ ቤት ነሽ። አትፍሪ" አሉኝ። ግራ ገባኝ። ለካ በዚህ አገር አረብኛ "ወይኔ" ማለት "የት ነው ያለሁት?" ማለት ነው! ቀኑን ሙሉ የት ነው ያለሁት እያሉ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔም የጠፋሁ መሰላቸውና ጓደኛ አገኘሁ ብለው ደስ አላቸው። የእኛ ወይኔ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ሌላ ቃል ስጪኝ" አሉ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አማርኛ እየተማሩ ነው። ጠዋት ሻያቸውን ሳይቀምሱ "ሹ ጀዲድ?" ይሉኛል፤ ምን አዲስ ቃል አለ ማለታቸው ነው።

እናም ጋሼ፣ ሐኪሙ እንዳሉት አንተም አዲስ ነገር ጀምር። ፊደል ተማር። አልረፈደም።

እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ልጅዎ ጽናት።


ቢሾፍቱ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብዕሩ እልፍነሽ እጅ ነው። ቁጣው የእኔ ነው።

ለጽናት። ሰላምታው ይድረስሽ፤ ምርቃቱን ግን ለጊዜው ይዤዋለሁ።

እልፍነሽ ደብዳቤሽን ስታነብ መጨረሻው ላይ ተንተባተበች። ድገሚው አልኳት። ውሃ ልጠጣ አለች። ድገሚው አልኩ። ደገመችው። "አንተ!" አልሽኝ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአንድ ጡት ያደግን ወንድሜ፣ ታላቁ ነኝና አንቱ እንዳለኝ ነው የሞተው። በዚህ ምድር ላይ አንተ የምትለኝ እልፍነሽ ብቻ ናት፤ እሷም የቆረበችበት ነው። አንቺ በምን ቆርበሽ ነው? የአረብ ቤት ምንጣፍ ስለጠረግሽ ነው ከእኔ እኩል የሆንሽው?

ደግሞ የጠየቅኩሽ ስለ ፈረስ ነው። ፈረስ ፊደል ይማራል? ማንን ነው ተማር የምትዪው? ለቦራ መድኃኒት ብልሽ ለእኔ ትምህርት ቤት ላክሽልኝ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብለው ያሳደጉን አባቶች ሐኪም አልነበራቸውም፤ ራሳቸው ግን ነበራቸው። አዲስ አዲስ ትያለሽ። ይሄንን መንገድ አዲስ ብለው አይደለም እንዴ የቆፈሩት? ምን ጠቀመኝ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሄ ነው።

ስለ ፈረሱ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አንዲት ሴትዮ ጭኜ፣ ጎመን ታቅፋ ነበር፣ አዲሱ ሰፈር መሃል ቀጥ አለብኝ። "ወዴት እየወሰዱኝ ነው?" አለችኝ። ይሄን ብነግርሽ ኖሮ ነገሩ ይገባሽ ነበር።

እልፍነሽ ምን ታይኛለሽ? ጻፊ እንጂ!

መድኃኒቱን ጠይቂልኝ። የሚዋጥ ይሁን። ሊቀመንበሩ ትናንትም በር ላይ ቆሞ ፈረሱን ዓይን ዓይኑን ሲያየው ነበር። ከበዓለ ሃምሳ በኋላ ጋሪ ሁሉ ይፈተሻል ይላል።

ጨርሻለሁ። አንብቢልኝ እልፍነሽ፤ ስታነቢ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ቁጣው ይሰማ። ደግሞ አድራሻ ስትጽፊ ለምንድን ነው እንዲህ የምትቆዪው? ረቢየህ ይሄን ያህል ሩቅ ነው?

*ጽናቴ፣ ተቆጥቷል፤ ግን በየቀኑ "ያቺን ደብዳቤ አንብቢልኝ" ይለኛል። ወይኔ የምትለዋ ጋ ስንደርስ ይስቃል። ወዶት ይሁን ያነበብኩለትን ረስቶት፣ እኔ እንጃ። ሁሉ ጊዜ የሚስቀው እንደ መጀመሪያው ነው። እልፍነሽ።*


ረቢየህ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ለጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ፤

እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ። ሰላም ለቤታችሁ ይሁን፤ ምርቃቱንም ይልቀቁልኝ፣ ያለ እሱ እዚህ አገር አልችልም።

ጋሼ፣ የምላስ ነገር ነው። አረቦች አንቱ የሚል ነገር የላቸውም። ንጉሥም ይሁን የታክሲ ሾፌር፣ አባትም ይሁን ልጅ፣ ሁሉም "ኢንተ" ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ባባን ኢንተ ስል ውዬ፣ ብዕር ሳነሳ እጄ ያንኑ ጻፈ። ጽፌው እንኳ አላየሁትም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፊቴ ተቃጠለ።

ባባ ለምን እንደማለቅስ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ለትልቅ ሰው የተለየ ቃል አለን አልኳቸው፤ አንቱ። በጣም ወደዱት። ወደዱት ብቻ! አሁን ድመቷን አንቱ ይላሉ። ስዌፍየህ ስንሄድ ታክሲ ነጂውን "አንቱ፣ ቀስ!" ብለው ጮሁበት። ማዳም ኸውላን "አንቱ" ሲሏት ስድብ መሰላትና እኔን ጠራችኝ።

"ለምን አማርኛ?" አለችኝ። "ከማን ጋር ሊያወራበት ነው? እንግሊዝኛ እያለ!"

"እኔ አላልኳቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ" አልኳት።

ሐኪሙን ደውላ ጠየቀቻቸው። ሰውየው ራሱ ወዶ የሚማረው ይሻላል፣ ተይው አሏት። ተወችው፤ እኔን ግን ወጥ ቤት ገብታ ታየኛለች።

ሁሉም ቀን ደህና ነው አልልዎትም። ትናንት የሚያውቁት ቃል ዛሬ ይጠፋባቸዋል። ከሀ እንጀምራለን። እኔ ስናደድ እሳቸው አይናደዱም፤ ትናንት መማራቸውንም ረስተውታልና። ትዕግሥቴ ሲያልቅ ሰገነት ላይ ወጥቼ ልብስ አሰጣለሁ። ግን ጋሼ፣ ስንማር በዋልንበት ቀን የት ነው ያለሁት ማለታቸው ይቀንሳል። ሐኪም አይደለሁም፤ ያየሁትን ነው።

እንግዲህ ስለ ፈረሱ። ቦራን አዲሱን መንገድ በጥቂት በጥቂቱ ያስለምዱት። ሰው ሳይጭኑ፣ ሳይቸኩሉ። በየማጠፊያው ያቁሙትና አንድ ነገር ያሳዩት። ሲሳሳት አይምቱት። በተለይ አይምቱት፣ ጋሼ። ሲሳሳት አይፈርበት።

ከዚህ ጋር ባባ በራሳቸው እጅ የጻፉልዎት አለ። ቀኑን ሙሉ ደክመውበታል።

ልጅዎ ጽናት።

*ሰላም ሀይለ ግወርግስ። አንቱ ፈረስ ደህና?*


ቢሾፍቱ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እጁ ዛሬም የእልፍነሽ ነው፤ አንዲት ቃል ሲቀር። የትኛዋ እንደሆነች በኋላ ታዪያለሽ።

ለጽናት። ምርቃቱን ለቅቄልሻለሁ። በወጣሽበት አትቅሪ፣ በገባሽበት አትፈሪ። አሜን በይ፤ ሁለተኛ ግን አንተ ብትዪኝ መልሼ እይዘዋለሁ።

የቆየሁት ተናድጄ ነው። በአንቺ አይደለም። በአረቡ ነው። ፀጋአብ ያን ጽሑፉን ወረቀት ላይ አወጣልኝ። ስሜን ጻፈ! ከባሕር ማዶ ያለ፣ ድመት አንቱ የሚል ሰው፣ የእኔን ስም ጽፎ እኔ ገልብጬ ነው ያየሁት። እልፍነሽ ናት ያቀናችልኝ። ደግሞ ምን አለችኝ? "ተሳስተዋል፤ በሃሌታው ሀ ጽፈውታል፤ ያንተ ስም በብዙኃኑ ነው።" ስንት ሀ ነው ያለው ብላት ሦስት ነው አለች። ለአንዲት ትንፋሽ ሦስት ፊደል! ጋሪ እንኳ ሁለት ጎማ ይበቃዋል። ሦስቱንም ስታነቢ ልዩነቱ ምንድን ነው? ምንም አለችኝ። እንግዲያ ለምን ይለያያል? "እንዲያው ነው" አለች። ከዚህ በላይ የሚያናድድ ነገር በዕድሜዬ አልገጠመኝም።

ግን ስሜ ተሳስቶ በአማን ሲዞር ዝም ብዬ ልኑር? አሳዪኝ አልኳት። የጋሪው ጎን ላይ በከሰል ጻፈችልኝ። እኔም ከሥሩ ከሥሩ ጻፍኩ። ልጓም የለመደ ጣት ከሰል ሲይዝ ዶሮ ያነቀ ይመስላል። ይጠፋል፣ እጽፋለሁ፣ ይጠፋል። ጠዋት ስነሳ ያቺ የመጀመሪያዋ እግሯ በየት በኩል እንደሆነ ትጠፋኛለች። መናኸሪያ ያሉት ባለጋሪዎች አዩኝ። አንዱ "አባባ፣ ፈተናው መቼ ነው?" አለኝ። በአለንጋ ሸኘሁት።

ፈረሱንም እንዳልሽው አዲሱን መንገድ እያስለመድኩት ነው። ጭነት የለም፣ ሰው የለም። በየማጠፊያው አንድ ምልክት ያዝኩ፤ ቀይ በር፣ ብሎኬት የሚመቱበት ግቢ፣ የቆመ ሲኖትራክ። አንድ ቀን ስንመጣ ሲኖትራኩ የለም! ምልክት ተነስቶ ይሄዳል እንዴ? ፈረሱ ተናደደ። ፈረሱ በጣም ተናደደ። መድኃኒቱን ግን አሁንም ጠይቂልኝ።

በቃኝ። እልፍነሽ፣ አንብቢልኝ። ከዚያ አድራሻሽን ጻፊ።

*ጽናቴ፣ ፈረሱ መንገዱን ካወቀ ቆየ። ትናንት ብቻዬን እሄዳለሁ ብሎ ቆየብኝ፤ ፍለጋ ወጣሁ። ኃይለ ጊዮርጊስ ቀዩ በር ፊት ከጋሪው ወርዶ ቆሞ "ወይኔ" ይላል። የእኛን ወይኔ ይሁን የባባን አላውቅም። ሊቀመንበሩ ይህን ከሰማ...*

ቆዪ። ብዕሩን እንዳታስቀምጪ። የምልሽን ጻፊ።

ጽናት፣ ይሄ ከአድራሻው በታች ያለው እኔ ያስጻፍኩት ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ስትጽፍ አየሁ። አድራሻው ይረዝማል። ፎቶ ተነስቶ ለሚሄድ ደብዳቤ አድራሻ ምን ያደርግለታል? እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። ሳየው መሃሉ ላይ ያቺ ፊደል ቆማለች፣ በከሰል ያንገላታችኝ፣ ብዙኃኑ። ከሷ ቀጥሎ ይ። ከዚያ ለ።

"እልፍነሽ፣ አድራሻው ውስጥ ስሜ ምን ይሠራል?" አልኳት።

"አድራሻ ነው" አለች።

"አንብቢው።"

"አድራሻ ነው አልኩህ እኮ!"

"አንብቢው!"

አነበበችው። የሊቀመንበሩ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ቆመ። ቦራ ግቢው ውስጥ ሣሩን ያኝካል፤ ምን ቸገረው።

ጻፊ እልፍነሽ። ሁለቱንም ነው ብለሽ ጻፊ። ቀዩ በር ፊት ያልኩት ወይኔ የእኛንም ነው፣ የአረቡንም ነው።

ያን መጀመሪያ ላይ ሰርዢው ያልኩሽንስ ሰርዘሽዋል? አልሰረዝሽውም። ገብቶኝ ነበር። ይሁን። ጽናት፣ ፈረስ ኮፍያ አያደርግም።

ሐኪሙን ስለ ፈረስ መጠየቅ ተዪ። ስለ ሰው ጠይቂ። እዚህም እልፍነሽ የምትወስደኝ ቦታ አለ አለች፤ እሄዳለሁ፤ መርፌም ካለ ይወጋ። ጋሪውን ግን አላስረክብም። ከነገ ጀምሮ እልፍነሽ ከፊት፣ ከጎኔ ትቀመጣለች። ሴት አጠገቤ ተቀምጣ መንገድ አሳይታኝ አታውቅም። ከሦስቱም ሀ ይሄ ይከብደኛል። አዲስ ነገር ከፈለገ ይሄው ብለሽ ለሐኪሙ ንገሪው።

ለባባ ሰላም በይልኝ። አንቱ ብለሻቸው ነው ታዲያ፤ ኢንተ እንዳትዪ። ስሜ የሚጻፈው በዚህችኛዋ ነው በያቸው፤ ቢረሱት ነገም መልሰሽ አሳዪያቸው። ከዚህ በታች ያለው የእኔ እጅ ነው፤ ማንም አልነካውም።

ኃይለ ጊዮርጊስ

አሁን እልፍነሽ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አድራሻውንም።